ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና፦ የጎጃም ጉም እንዴት ይፈጠራል?

የመስከረም መጨረሻና የጥቅምት መጀመሪያ ጎጃምን ለሚያቋርጥ ሰው የጉም ወቅት ነው። ዝናቡ እየቀነሰ ነው፤ መሬቱ ግን ገና ውሃ እንደያዘ ነው፤ ሌሊቱም መጥራት ጀምሯል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ባሕር ዳር ባለው መንገድ ላይ ጉም በተለያየ አኳኋን ሲፈጠር ይታያል፤ ከዚህ በታች ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በየዕለቱ አንድ አካባቢ እያየን መንገዱን እንከተላለን። ሲያዩት ሁሉም ነጭ ነው፣ ሁሉም መንገድ ይሸፍናል። አመጣጡ ግን ይለያያል፤ አመጣጡ ከተለየ ደግሞ የሚገፈፍበት ሰዓትም ይለያል። ለሹፌርም ለገበሬም ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው።

ሰኞ፦ ዓባይ በረሃና ደጀን

ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን እስኪወጣ ድረስ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትርን ብዙም አያልፍም፤ ደጀን ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መኪናው የሚወጣውን ዳገት አየሩም ይወጣዋል። አየር ሽቅብ ሲወጣ በላዩ ያለው ጫና ይቀንስለታል፣ ጫናው ሲቀንስ ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። ጠብታ እስኪጀምር ድረስ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ ያጣል።

ቅዝቃዜው ለምን ጉም ያመጣል? አየር የሚሸከመው የውሃ ተን በሙቀቱ ልክ ነው። 1 ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ 17 ግራም ገደማ ተን ይይዛል፣ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ተኩል አይበልጥም። 20 ዲግሪ ላይ ጢም ብሎ የሞላ አየር ወደ 10 ዲግሪ ቢወርድ ወደ 8 ግራም የሚጠጋ ትርፍ ይኖረዋል ማለት ነው። ትርፉ ጠብታ ይሆናል። አንድ አየር ከዚህ በታች ከቀዘቀዘ ጠብታ ማውጣት ግድ የሚሆንበት የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል። ጉምን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ቁጥር የለም።

ከዚህ ተነስቶ ዳገቱ የት ላይ ጉም እንደሚጀምር መገመት ይቻላል። ከታች ያለውን የአየር ሙቀት ወስዶ የጤዛ ነጥቡን መቀነስ፣ ልዩነቱን በ125 ማባዛት ነው። የሚገኘው ቁጥር ደመናው ከዚያ ቦታ በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚጀምር ይናገራል። ድልድዩ አካባቢ 26 ዲግሪ ቢሆንና የጤዛ ነጥቡ 18 ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ በ125 ሲባዛ 1,000 ሜትር። ስለዚህ ጉሙ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አለፍ ሲል ይጀምራል፤ የመጨረሻው የዳገቱ ክፍልና ደጀን ከተማ ጉም ውስጥ ናቸው። በበጋ ከታች 30 ዲግሪ ሆኖ የጤዛ ነጥቡ 12 ቢሆን ደግሞ ልዩነቱ 2,250 ሜትር ይሰጣል፤ ደጀን ጥርት ብሎ ይታያል።

በዚህ ዳገት ላይ ሹፌሮችን የሚያሳስተው ፀሐይን መጠበቅ ነው። ይህ ጉም በሌሊት ቅዝቃዜ የመጣ ስላልሆነ ረፋዱ ላይ የግድ አይገፈፍም። እርጥብ አየር ከበረሃው ሽቅብ መውጣቱን እስካላቆመ ድረስ ከቀትር በኋላም ሊመጣ ይችላል። ደጀን ቆሞ ይለቅ ይሆናል ብሎ ሰዓት ከመቁጠር ጥቂት መቶ ሜትር ቁልቁል ወርዶ መታጠፊያዎቹ መታየታቸውን ማረጋገጥ ይሻላል፤ ከደመናው ግርጌ በታች መንገዱ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ደንቡ ግልጽ ነው፦ በሚታየው ርቀት ውስጥ መቆም መቻል። በእርጥብ አስፋልትና በሜዳ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አደጋ አይቶ እስኪቆም 22 ሜትር ገደማ ይፈጃል። በ50 ሲሆን 46 ሜትር፣ በ80 ሲሆን ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከዚህም ይጨምራል። የሚታየው 30 ሜትር ከሆነ ታዲያ በ50 መንዳት መንገዱን ሳያዩ መንዳት ነው። ረጅም መብራት አይጠቅምም፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን መልሰው ዓይን ላይ ይረጩታል። አጭር መብራት፣ ዝቅ ያለ ማርሽ፣ የመንገዱን የቀኝ ጠርዝ ማየት፣ ሲቆሙ ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ መውጣትና አራቱንም ፍሬቻ ማብራት። የፊት መስታወቱ ከውስጥ ቢደበዝዝ እሱም ያው የጤዛ ነጥብ ጉዳይ ነው፦ የተሳፋሪው ትንፋሽ ቀዝቃዛ መስታወት አግኝቷል። በእጅ ከመጥረግ ሞቅ ያለ አየር መልቀቅና አንዱን መስኮት ትንሽ መክፈት ይበልጣል።

ማክሰኞ፦ ደብረ ማርቆስ

ከደጀን በሉማሜ በኩል ደብረ ማርቆስ ለመድረስ መንገዱ ደልዳላ ነው። እዚህ ያለው ጉም የዳገት ሳይሆን የሜዳ ነው። የሚፈጠረውም አየሩ ባለበት ቆሞ ነው።

መሬት ቀን ከፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል። ሰማዩ ደመና ከሆነ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን መልሶ ያለብሰዋል። ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ይሄዳል፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል፣ መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጨፌው፣ ወደ ወንዙ ዳርና ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ከተማው ከፍ ያለው ሰፈር ላይ ኮከብ እየታየ ታች ሜዳው ላይ ከብት የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ጉም አራት ነገሮች ሊገናኙ ይገባል፦ እርጥብ መሬት፣ የጠራ ሰማይ፣ ረጅም ሌሊትና በጣም ትንሽ ነፋስ። ብዙዎች ነፋስ ጨርሶ ባይኖር ጉሙ ይብሳል ይላሉ፤ እንዲያ አይደለም። ፍጹም እርጋታ ካለ ቅዝቃዜው መሬቱ ላይ ተወስኖ ይቀራል፤ ተኑ ሣሩ ላይ ጤዛ ሆኖ ያልቃል። በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜትር የምትሄድ ነፋስ፣ ማለትም ፊት ላይ በቀስታ የምትሰማ ነፋስ፣ ቅዝቃዜውን ወደ ላይ ታነሳዋለች፤ ያኔ ጉሙ ውፍረት ያገኛል። ነፋሱ ከዚያ በላይ ከበረታ ግን ከላይ ያለውን ሞቅ ያለና ደረቅ አየር አውርዶ ይበትነዋል።

ማታ ላይ ነገ ጉም መኖር አለመኖሩን ለመገመት ሁለት የመስታወት ቴርሞሜትር ይበቃል። የአንዱን ጫፍ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በአንድ ዙር ብቻ መጠቅለል። ጨርቁን በዝናብ ውሃ ማርጠብ። ሁለቱንም ጥላ ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅሎ ለ3 ደቂቃ ያህል በሰፌድ ማራገብ፤ ከዚያ መጀመሪያ እርጥቡን፣ ቀጥሎ ደረቁን ማንበብ። ጨርቁ ላይ ያለው ውሃ ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። አየሩ ደረቅ በሆነ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል፤ ሁለቱ እኩል ካነበቡ አየሩ ሞልቷል ማለት ነው።

በደብረ ማርቆስ ከፍታ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደረቁ 16፣ እርጥቡ 12 ቢያሳይ የጤዛ ነጥቡ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። ሌሊቱ ከ10 በታች እንደሚወርድ ከታሰበ፣ ሰማዩ ከጠራና ነፋሱ ከረገበ፣ ሊነጋጋ ሲል ሜዳው ጉም እንደሚለብስ መጠበቅ ይቻላል። መለኪያው የሚሳሳተው በሦስት ምክንያት ነው። ካልተራገበ እርጥቡ በበቂ ስለማይቀዘቅዝ አየሩ ከእውነቱ ይልቅ እርጥብ ይመስላል። ጨርቁ ቅባት ወይም ሳሙና ካለበት ውሃውን በደንብ አይስብም። ንባቡ ላይ ትንፋሽ ወይም እጅ ከቀረበ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች ይበላሻሉ። ሌላው ትንበያውን የሚያበላሸው እኩለ ሌሊት ላይ የሚመጣ ደመና ነው፤ መሬቱ መቀዝቀዙን ያቆማል፣ ጉሙም ይቀራል።

መለኪያ የሌለው ሰው ጭስ ይይ። ማታ ከየጎጆው የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ባሕር ዛፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ከተነጠፈ፣ ታች ያለው አየር ቀዝቅዞ በላዩ ባለው ሞቃት አየር ተከድኗል ማለት ነው። ጭሱን የከደነው ጉሙንም ይከድነዋል።

ንጋት ላይ አንድ ሳይታወቅ የሚታለፍ ነገር አለ። የሜዳ ጉም ብዙ ጊዜ የሚብሰው ጎሕ ሲቀድ ሳይሆን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ ጨረር ሣሩ ላይ ያለውን ጤዛ ታተነዋለች፣ አየሩንም በቀስታ ታንቀሳቅሰዋለች፤ ሁለቱም ለጉሙ ምግብ ናቸው። 12 ሰዓት ላይ መንገዱ ይታያል ብሎ የተነሳ መኪና 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጉም ውስጥ የሚገባው ስለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ ጉሙን አልፋ መሬቱን ታሞቃለች፣ ጉሙ ከሥሩ ይነሳል፣ ከዳርም ይበላል። 3 ሰዓት አካባቢ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ይህኛውን ጉም መጠበቅ ያዋጣል።

ረቡዕ፦ ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ሲወጣ ጤፉ ይቀራል፣ ገብስና ድንች ይተካሉ፣ ከዚያም የጓሳ ሣርና ጅብራ ይመጣል። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ይዘልቃል። የጉሙ አሠራር ከደጀኑ ጋር አንድ ነው፣ አየሩ እየወጣ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ ተራራው ከፍ ያለ በመሆኑ ደመናው ቀን በቀን የሚነካው መሆኑ ነው።

እዚህ ጉሙን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። አንዲት የጉም ጠብታ ስፋቷ ከ1 ሚሊ ሜትር መቶኛ እስከ ሁለት መቶኛ ገደማ ናት። ሁለት መቶኛ የምታክለው በሴኮንድ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ትወርዳለች፤ 10 ሜትር ለመውረድ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ስለዚህ ጉም በራሱ አይዘንብም፤ በነፋስ እየተገፋ ያልፋል። ጓሳው ቅጠል ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ቅጠሉ እንደ ክር ቀጭን ነው። ነፋሱ በግራና በቀኝ ሲያልፍ ጠብታዋ ፈጥና መታጠፍ ስለማትችል ትላተመዋለች። አንዷ ተለጠፈች፣ ሌላዋ ተጨመረች፣ ጫፉ ላይ ጠብታዋ እየከበደች ትንጠለጠልና ሥሩ ላይ ትወድቃለች። አስታ ዛፍ ሥር ዝናብ ሳይዘንብ አፈሩ ረጥቦ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ጓሳው ሲታጨድና አስታው ሲቆረጥ ተራራው ይህን ውሃ የሚይዝበትን ክር ያጣል፤ ጉሙ እንደመጣ ያልፋል። የጮቄ ምንጮች ጉዳይ ለሚያሳስበው ሁሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጉሙ የያዘው ውሃ ግን ከሚመስለው እጅግ ያነሰ ነው። 1 ሜትር ኩብ ጉም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ውሃ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው። አራት በአራት ስፋት፣ ሦስት ሜትር ቁመት ያለው ክፍል ሙሉ ጉም ተሰብስቦ ቢጨመቅ ብዙ ጊዜ አምስት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም።

ድንች ለሚተክሉ ግን ትንሿም ውሃ ብዙ ናት። የድንች ምች የሚያመጣው ሻጋታ የሚራባው ቅጠሉ ለብዙ ሰዓት እርጥብ ሆኖ ሲቆይና አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ጉም ጤዛው እንዳይደርቅ እስከ ረፋድ ያቆየዋል። በተከታታይ ጉም ያለበት ሳምንት ከሆነ የታችኛውን ቅጠል ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፦ ከላይ ውሃ የነካው የመሰለ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ፣ ከሥር ነጭ ብናኝ። እንደ ማንኮዜብ ያለ መከላከያ የሚረጨው በሽታው ሳይገባ፣ ቅጠሉም ከደረቀ በኋላ ነው። ጉም ባረጠበው ቅጠል ላይ ከተረጨ መድኃኒቱ ቀጥኖ ይንጠባጠባል።

ሐሙስ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ እንጅባራ

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ዝቅ ያሉና ሞቅ ያሉ ናቸው፤ በዚህ ወቅት ጉሙ ወንዝ ወንዙን ብቻ ይዞ በጠዋት ይጠፋል። ነገሩ የሚለወጠው ወደ እንጅባራ ሲቃረብ ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዝናቧ ብዙ ነው፣ የግጦሽ ሜዳዋም ለረጅም ጊዜ እርጥብ ነው።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ዘንገና ሐይቅ ሌላ ዓይነት ጉም ያሳያል። ሐይቁ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ ያለ፣ ክብ፣ ዙሪያው ደን የሆነ ውሃ ነው። ውሃ ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከጉድጓዱ ከንፈር ወርዶ ሐይቁ ላይ ሲተኛ ሥሩ ያለው ውሃ ያሞቀዋል፣ ይተንበታልም። ከውሃው የወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ነጭ ሆኖ እየተጠማዘዘ ይነሳል። በብርድ ጠዋት ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽም የሚነጣው በዚሁ ሕግ ነው።

ሁለት አየር ሲቀላቀል ጉም የሚወጣበትን ምክንያት ቁጥሩ ያሳያል። 20 ዲግሪ የሆነ የሞላ አየር 17.3 ግራም ተን አለው፣ 4 ዲግሪ የሆነው 6.4 ግራም። እኩል በእኩል ሲቀላቀሉ 12 ዲግሪ ሆነው 11.8 ግራም ይይዛሉ። 12 ዲግሪ የሆነ አየር ግን መያዝ የሚችለው 10.7 ግራም ብቻ ነው። ከ1 ግራም በላይ ትርፍ አለ፤ የሚታየው ነጭ ነገር እሱ ነው። ለዚህ ውሃው ከአየሩ 10 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ጥሩ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲከፋ የበለጠ ይታያል።

በኅዳር ደጋው የሚፈራው ውርጭ ነው። የጤዛ ነጥቡ ከዜሮ በታች ከሆነ አየሩ ጉም ሳያወጣ ቅጠሉ በረዶ ይይዛል። የጤዛ ነጥቡ ከፍ ያለ ሆኖ ጉም ቀድሞ ከመጣ ግን ሰብሉ ይድናል። እያንዳንዱ ግራም ተን ጠብታ ሲሆን 600 ካሎሪ ገደማ ሙቀት ለአየሩ ይመልሳል፣ ጉሙም መሬቱን ከጠራው ሰማይ ይጋርደዋል። ለባቄላና ለድንች ጉም ያደረበት ሌሊት ከጠራው ሌሊት የሚሻለው እዚህ ላይ ነው።

ዓርብ፦ ፋግታ ለኮማ፣ ዳንግላ፣ መራዊ

ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳምና ዳንግላ ሲሄድ መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዛፍ በስፋት የተተከለበት ነው። ገበሬው ተክሎ ከሰል ያከስላል፣ ከዚያ መሬቱን ለሰብል ያዞራል። ለኑሮው የጠቀመ ሥራ ነው። የከሰሉ ጭስ ግን ጉሙን ይለውጠዋል።

ተን ጠብታ ለመሆን የሚያርፍበት ብናኝ ይሻል፤ አቧራ፣ ጨው፣ ከሁሉ በላይ የጭስ ቅንጣት። ቅንጣቱ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈላል፣ ጠብታዎቹ ያንሳሉ። የጠብታዎቹ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ ቁጥራቸው 8 እጥፍ ይሆናል፣ ብርሃን የሚጋርደው አካላቸው በጠቅላላ 2 እጥፍ። ውሃው ሳይጨምር የሚታየው ርቀት በግማሽ ያጥራል ማለት ነው። በዚህ ጎዳና ላይ ማለዳ ጭስ የሚሸትበት ጉም ከሌላው ይልቅ ዓይን እንደሚይዝ ማወቅና ፍጥነትን አስቀድሞ መቀነስ ይገባል። አክሳዩም ጉድጓዱን ከአስፋልቱ ራቅ አድርጎ፣ ከዝቅታም ቦታ አውጥቶ ቢሠራ ለመንገደኛው ትልቅ ውለታ ነው።

ከመራዊ ጎን ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የተሠራ ነው። በጋ ላይ ውሃ የጠጣ ማሳ በዙሪያው ካለው ደረቅ መሬት ይልቅ ሌሊቱን ለጤዛና ለጉም የሚበቃ ተን ይሰጣል። ስንዴ የዘራ ሰው ማሳውን ምሽት ላይ ከሚያጠጣ ማለዳ ቢያጠጣ ቅጠሉ ቶሎ ይደርቃል፤ የዋግ ዘር ለመብቀል ቅጠል ላይ ለጥቂት ሰዓት የሚቆይ እርጥበት ይበቃዋልና።

ቅዳሜ፦ ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ውሃ የከተማዋን ሌሊት ሞቅ ስለሚያደርገው ባሕር ዳር እንደ እንጅባራ በጉም አትታፈንም። ጉሙ የሚታየው ደንገሉ ውስጥ፣ በዳርቻውና ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ላይ ነው፤ አፈጣጠሩም የዘንገናው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ ቁመቱ ከሰው አይበልጥም። ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ምንም ሳይታየው ዳር ላይ የቆመው ግን ከአናቱ በላይ አሻግሮ ያያል። ወደ ዘጌ የሚሻገር ጀልባ ማለዳ ዳርቻው ነጭ ከሆነ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ቢቆይ ይሻለዋል። የቀደመም ካለ ዳሩን ሳይለቅ፣ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እያሰማ ይሂድ፤ ታንኳ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሞተረኛው ዘግይቶ ነው የሚታየው።

ጢስ ዓባይ ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው ላይ የሚነሳው ነጭ ነገር ጉም ይመስላል፤ ግን ተን ቀዝቅዞ የመጣ አይደለም፣ ውሃው ዓለት ላይ ተሰባብሮ የተረጨ ነው። መለያው ቀላል ነው። ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ቢታይ ፍንጣሪው ውስጥ ባለ ቀለም ቀስተ ደመና ይወጣል፣ ጠብታዎቹ ትልልቅ ናቸውና። በጉም ውስጥ ግን ጠብታው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ቀለሞቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ፤ የሚወጣው ቀስት ነጭ ነው። የፍንጣሪው ብዛትም በአየሩ ሙቀት ሳይሆን ወደ ኃይል ማመንጫው ተጠልፎ ከሄደው በተረፈው ውሃ ይወሰናል፤ ክረምት ላይ ይበዛል፣ በጋ ላይ ይሳሳል።

ወደ ደቡብ የሚመለስ መኪና የመነሻ ሰዓቱን በእንጅባራ ጉም ቢያሰላ ጥሩ ነው። ከባሕር ዳር 12 ሰዓት ላይ የወጣ ዳንግላንና ፋግታን የሚደርሰው ጉሙ ገና ሜዳው ላይ ሳለ ነው። 1 ሰዓት ተኩል ወይም 2 ሰዓት ላይ የወጣ ግን ሲገፈፍ ይደርሳል።